ልጆቼን በውርጩ ወራት ይዤ ልውጣ ወይስ ቤት ላቆያቸው?

የጠያቂያችን ደብዳቤ ባጭሩ፦ «የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። የዘጠኝ ዓመት ሴትና የስድስት ዓመት ወንድ ልጆች አሉኝ፤ ከአማቴ ጋር አንድ ግቢ ነን። ባለቤቴ ከሦስት ዓመት ወዲህ በኖርዌይ ሰሜን፣ ሎፎተን በሚባሉት ደሴቶች ላይ ባለች የዓሣ አጥማጆች ከተማ ውስጥ ይሠራል። ቅዳሜ በደወለ ቁጥር በረዶ ላይ የሚንከባለሉ ሕፃናትን፣ በወደቡ ዳር የልጅ ጋሪ እየገፉ የሚሄዱ እናቶችን እያሳየ ‹እዚህ ክረምት ነው፤ ግን ማንም ቤቱ አልተቀመጠም። አንቺ ልጆቼን ዘግተሽባቸዋል› ይለኛል። አማቴ ደግሞ ከኅዳር እስከ ጥር ልጆቹ ከትምህርት ቤት መልስ ደጃፍ እንዲረግጡ አይፈልጉም፤ ‹ብርድ ገብቶባቸው ሳንባ ምች ቢይዛቸው ለአባታቸው ምን ትመልሺለታለሽ?› ይሉኛል። በዚህ መካከል ልጆቹ ቅዳሜና እሑድን ቴሌቪዥን ላይ ተተክለው ይውላሉ። ከማን ጋር ልሁን? ወረቀታችን ካለቀ በሚመጣው ዓመት ወደ እሱ ስለምንሄድ፣ ልጆቹንስ ለዚያ አገር ብርድ እንዴት ላለማምዳቸው?»

ውድ ጠያቂያችን፣

ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። እኔም ያደግሁት በመንዝ ቁር ውስጥ፣ ማለዳ በጣሳ ያደረውን ውኃ በጣቴ ሰብሬ ፊቴን እየታጠብሁ ስለ ሆነ፣ አማትዎ የሚሉት ሁሉ በእናቴ ድምፅ ነው የሚሰማኝ። ሆኖም «ከማን ጋር ልሁን?» ላሉት መልሴ አጭር ነው፦ ልጆቹን ይዘው ይውጡ፤ የመውጫውንና የመመለሻውን ሰዓት ግን አማትዎ ይወስኑ። ለምን እንዲህ እንዳልሁ ቀጥዬ አብራራለሁ።

አስቀድሞ በቤታችሁ ጠብ የሚዘራ አንድ ቃል አለ፤ እርሱም «ክረምት» ነው። በእኛ አቆጣጠር ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያለው የዝናብና የጭቃ ወቅት ሲሆን፣ ባለቤትዎ ክረምት የሚለው ግን እዚያ በረዶ የሚወርድበትን፣ እኛ ዘንድ ሰማዩ ጥርት ብሎ ውርጭ የሚጥልበትን፣ ከኅዳር መጨረሻ እስከ የካቲት ያለውን ጊዜ ነው። ስለዚህ በስልክ የምትነጋገሩት ስለ አንድ ወር ሆኖ ሳለ ብርዱ ግን ሁለት ዓይነት ነው። ሎፎተን ከሰሜን ዋልታ ክበብ በላይ ስለሚገኝ ከታኅሣሥ አካባቢ ጀምሮ ለአንድ ወር ያህል ፀሐይ ጭራሽ ከአድማስ ብቅ አትልም፤ እኩለ ቀን ላይ የሚታየው ብርሃን እኛ ጎህ ሲቀድ የምናየውን ይመስላል። በሌላ በኩል ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ሽቅብ የሚመጣው ሞቃት የባሕር ሞገድ የባሕሩን ዳርቻ ስለሚያሞቀው ወደቡ በረዶ አይሆንም፤ በጥር እንኳ አማካዩ ሙቀት በዜሮ ዲግሪ አካባቢ ነው የሚመላለሰው። የዚያ አገር ብርድ እርጥብና ነፋሻ ነው፤ ሌትም ቀንም ያው ነው።

ደብረ ብርሃን ግን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከምድር ወገብም ብዙ ሳትርቅ የተቀመጠች ከተማ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ደመና ስለማይኖረው መሬት ቀን ያጠራቀመችውን ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ ወደ ላይ ትለቀዋለች፤ በዚህም ምክንያት ንጋት ላይ ሣሩ አመዳይ ለብሶ፣ የባልዲው ውኃ ቆዳ አውጥቶ ይገኛል። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ካለፈ በኋላ ግን ያ ሁሉ እንዳልነበረ ይሆናል፤ እኩለ ቀን ላይም ሙቀቱ ወደ 20 ዲግሪ ይጠጋል። የእኛ ብርድ የሰዓት ብርድ ነው ማለት ነው። የሎፎተን እናት የምትመርጠው ሰዓት ስለሌላት ልብስ መረጠች፤ እርስዎ ግን የሚመርጡት ሰዓት አለዎት፣ ያውም በየቀኑ አምስት ሰዓት ያህል። አማትዎ ስለ ማለዳውና ስለ ምሽቱ የሚናገሩት ሁሉ ልክ ነው፤ ባለቤትዎ ስለ ቀኑ የሚናገረው ልክ ነው። የሚያሳዝነው ሁለቱም ሌላኛው ስለ የትኛው ሰዓት እንደሚናገር አለመጠየቃቸው ነው።

አማትዎ የሚፈሩትም ነገር የሌለ ነገር አይደለም። ሳንባ ምች ዛሬም ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን በብዛት ከሚቀጥፉት በሽታዎች አንዱ ነው፤ እርሳቸው ልጆቻቸውን ባሳደጉበት ዘመን ደግሞ ዛሬ በየጤና ጣቢያው በነፃ የሚሰጠው ክትባት አልነበረም። ለሳንባ ምች ዋነኛ ምክንያት የሆነውን ባክቴሪያ የሚከላከለው ክትባት በአገራችን መሰጠት የጀመረው በ2004 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ የጎረቤት ሕፃን ሲቀበር እያዩ ልጅ ያሳደጉ እናት «ብርድ» ሲሉ የሚያስቡት ሌላ ነገር ነውና፣ ፍርሃታቸውን እንደ ኋላ ቀርነት እንዳያዩባቸው አደራ እላለሁ። ነገር ግን ጉንፋንንም ሆነ ሳንባ ምችን የሚያመጣው ተሕዋስ እንጂ ብርድ ብቻውን አይደለም፤ ተሕዋሱም በቀላሉ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው ሜዳ ላይ በሚሯሯጡ ልጆች መካከል ሳይሆን በሩም መስኮቱም ተዘግቶ፣ አንዱ የሌላውን ትንፋሽ እየሳበ በሚውልበት ክፍል ውስጥ ነው። አስም ያለበት ልጅ ቀዝቃዛና ደረቅ አየር ሊያስነሳበት ስለሚችል ለብቻው ሐኪም ያስፈልገዋል። ከዚህ ውጭ ግን የሚያስል ልጅ ትንፋሹ ከተፋጠነ፣ ሲተነፍስ ከጎድን አጥንቱ በታች ያለው ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ወይም መጠጣት ካቃተው፣ ቤት ውሎም ይሁን ሜዳ ውሎ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት።

ስለ ቤቱ ካነሣሁ አይቀር በደብዳቤዎ ያልጠቀሱትን አንድ ነገር ልጠይቅዎ፦ ልጆቹ ቴሌቪዥን ላይ ተተክለው በሚውሉበት ክፍል ውስጥ የከሰል ማንደጃ ይገባል? በደብረ ብርሃን በዚህ ወር የማይገባበት ቤት ጥቂት ነው፤ ቡናው ከተፈላ በኋላ «ፍሙ ለምን በከንቱ ይጥፋ?» ተብሎ በሩ ገርበብ ይልና ቤተሰቡ ዙሪያውን ይሰበሰባል። ጢሱ ካለቀ በኋላ ንጹሕ ከሚመስለው ፍም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ከዚያ ማቅለሽለሽ፣ ከዚያም የማይነቁበት እንቅልፍ ያመጣል። በየዓመቱ በብርዱ ወራት ከነልጆቻቸው ታፍነው የሚያድሩ ሰዎች ወሬ የሚሰማው በዚህ ምክንያት ነው። እኔ የስድስት ዓመት ልጅ በኅዳር ቀትር በሬሳ ወንዝ ዳር ሲሮጥ ከማየው ይልቅ፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ማንደጃ ታቅፎ ሲያንቀላፋ ባየው እጅግ የበለጠ እፈራለታለሁ። ይህን ለአማትዎ በዚሁ ቃል ቢነግሯቸው አልቃወምም።

አሁን ወደ ባለቤትዎ ቪዲዮ እንመለስ። ቪዲዮው የሚያሳየው ነገር እውነት ነው፤ ግማሹን ግን አያሳይም። ከበሩ ጀርባ ያለውን ሩብ ሰዓት አያሳይም፤ እናትየዋ ለልጁ መጀመሪያ ከገላው ጋር የሚጣበቅ ስስ የሱፍ ልብስ፣ ከላዩ ወፍራም ሹራብ፣ ከዚያም ላይ ነፋስና ውኃ የማያስገባ ቱታ እያለበሰች፣ የጠፋ ጓንት ስትፈልግ የምታሳልፈውን ጊዜ። ጨለማው ረጅም ስለ ሆነም ልጆቹ መኪና መብራት ሲያርፍበት የሚያበራ ሰደርያ ወይም ጭረት ልብሳቸው ላይ ይደረግላቸዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቪዲዮው የማያሳየው፣ እነዚያ ቤተሰቦች ወደ ወደቡ የሚወርዱት እንዲሁ ብርድ ለመቀበል ሳይሆን የሚታይ ሥራ ስላለ መሆኑን ነው። ከጥር እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ኮድ የሚባለው ዓሣ ከባረንትስ ባሕር ተነሥቶ እንቁላሉን ሊጥል ወደ ሎፎተን ይመጣል፤ ጀልባዎቹ ሞልተው ይገባሉ፤ የተያዘው ዓሣ አንገቱ ተቆርጦ፣ ሁለት ሁለቱ በጭራው እየታሰረ በእንጨት ቆጥ ላይ ከየካቲት እስከ ግንቦት ድረስ ይሰቀላል። ጨው አይነካውም፤ የሚያደርቀው ያ ልጆቹን ያስፈራራንበት ብርድና ነፋስ ነው። ጭንቅላቱ ለብቻው ደርቆ አብዛኛው ወደ ናይጄሪያ ይሸጣል። የዓሣውን ምላስ እየቆረጡ በመሸጥ የኪስ ገንዘብ የሚያገኙት ደግሞ የዚያው ከተማ ልጆች ናቸው፤ ከአባቶቻቸው የተረከቡት የልጅ ሥራ ነው። የስድስት ዓመቱ ልጅዎ ይህን ቢያይ ብርዱን የሚያስታውሰው ይመስልዎታል?

እኔም ለእርስዎ የምመክረው ይህንኑ ነው፤ ለሽርሽር ብቻ ብለው አይውጡ፣ የሚታይ ነገር ወዳለበት ይውጡ። ከኅዳር እስከ ጥር ድረስ ደግሞ በሰሜን ሸዋ ከአውድማ የበለጠ የሚታይ ነገር የለም። ከከተማው ጥቂት ወጣ ብሎ ገብስ ወይም ባቄላ የሚወቃ ዘመድ ወይም የዘመድ ዘመድ እንደማያጡ እርግጠኛ ነኝ፤ አስቀድመው ይላኩበትና ቅዳሜ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ልጆቹን ይዘው ይሂዱ። በሬዎቹ እየዞሩ ሲያበራዩ ይዩ፤ ልጁ ገለባው ላይ ይንከባለል፤ ሴቷ ልጅዎ መንሹን ትያዝና ትሞክረው። ከሰዓት ነፋሱ ሲነሣ ደግሞ ምርቱ ሲዘራ ያያሉ፤ ፍሬው ወደ ታች፣ ገለባው ወደ ጎን። አባታቸው ባለበት አገር ዓሣውን የሚያደርቀው ነፋስ እዚህ ገብሱን ከገለባው ይለያል፤ ይህን ልጆቹ ራሳቸው በስልክ ይንገሩት።

ለመጀመሪያው ቀን ሁለት ሰዓት ይበቃል። ልጆቹ «ገና አልጠገብንም» እያሉ ቢመለሱ፣ ብርዱ አሸንፏቸው እያለቀሱ ከሚመለሱ በእጅጉ ይሻላል፤ አማትዎም በሩ ላይ ቆመው የሚያዩት ፊታቸውን ነውና። ሌላ ቀን ወደ በሬሳ ዳር፣ ሌላ ቀን ወደ በግ ገበያ፣ እሑድ ደግሞ ከቅዳሴ በኋላ በሥላሴ ቅጽር ግቢ ፀሐይ ፊት ለፊት መቀመጥ ይቻላል። ገና ሲቃረብ በየሜዳው የሚደረገውን የገና ጨዋታ አይርሱት፤ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ያሉት የእኛ አባቶች በዚሁ በውርጩ ወር እረኛና ጌታ ሳይለዩ ሩር ሲያሳድዱ የዋሉ ሰዎች ናቸው። ልጁ ትንሽ ነውና ዳር ሆኖ ይመልከት፤ ሩሯ ስትመጣ እግርና ጥርስ አትለይም።

ስለ ልብሱ አንድ ስሕተት በየቤቱ አያለሁ፤ ልጁ ሦስት አራት የጥጥ ካናቴራ ተደራርቦበት መንቀሳቀስ እስኪያቅተው ይጠቀለላል። ጥጥ ላብን ይጠጣና እርጥብ ሆኖ ገላ ላይ ይቀራል፤ ልጁ ሮጦ ሮጦ ሲቆም የሚይዘው ብርድ ከውጭ የመጣው ሳይሆን ያ እርጥብ ካናቴራ ነው። ሱፍ ግን እርጥበት ቢይዝም ማሞቁን አይተውም። ከቦንዳ ልብስ ተራ የሱፍ ነው የሚባለውን ስስ ሹራብ በእጅዎ እያሹ ይምረጡና ከውስጥ ያልብሱት፤ ከላይ ነፋስ የማያስገባ ጃኬት ይበቃዋል። ጆሮ የሚሸፍን ኮፍያ፣ ትርፍ ደረቅ ካልሲ፣ ለከንፈርና ለጉንጭ ቫዝሊን አይጉደል። ቀትር ላይ ደግሞ የደጋ ፀሐይ ብርዱን አሳስታ ቆዳ ታቃጥላለችና ባለ ጥላ ኮፍያ ይቀይሩላቸው። ልጁ ቆፈን ይዞት ጣቱ አልታዘዝ ቢለው፣ እሳት ላይ አይዘርጋ፤ የደነዘዘ ጣት መቃጠሉን አያውቅም። ጃኬትዎን ይክፈቱና ሁለት እጁን በብብትዎ ሥር ያስገቡለት፤ ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ ማለቃቀስ ይጀምራል፤ ደሙ ተመለሰ ማለት ነው።

ስንቁን አማትዎ እንዲያዘጋጁት ይለምኗቸው። ከኅዳር 15 ጀምሮ ጾመ ነቢያት ስለሚገባ በቅቤ የሚታሸው ጭኮ ለእርስዎ አይሆንም፤ የገብስ ቆሎ፣ በዘይት የተለወሰ በሶ፣ ከሁሉም በላይ በፔርሙዝ የተያዘ ትኩስ አጥሚት ግን ለሁላችሁም ይሆናል። ፔርሙዙ ሲከፈት እንፋሎቱ በቀዝቃዛው አየር ላይ ሲወጣ ልጆቹ ሮጠው ይመጣሉ፤ ያን ጊዜ ካልሲያቸውን ይዳስሱ፣ እጃቸውን ይዩ። ለልጅ «በረደህ?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ ጨዋታው እንዳይቋረጥበት «አልበረደኝም» ነው የሚልዎ።

አማትዎን በስልኩ ቪዲዮ ለማሳመን አይሞክሩ፤ የፈረንጅ ልጅ በበረዶ ላይ ሲንከባለል ማየት ለእርሳቸው ማስረጃ ሳይሆን ጭካኔ ነው። ይልቅ አንድ ምሽት ቡና ላይ «እማማ፣ እርስዎ ልጅ ሳሉ በግ ሲጠብቁ ምን ይለብሱ ነበር?» ብለው ይጠይቋቸው። እኔ የማውቃቸው የእርሳቸው ዕድሜ እናቶች ሁሉ መልሱን የሚጀምሩት «እኛማ ምን ልብስ ነበረን» ብለው ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ስለ በግ ለምዱ፣ ስለ ባናው፣ ነፋሱን ጀርባ ሰጥቶ ስለ መቀመጥ፣ ፀሐይ የምታርፍበትን ቋጥኝ ስለ መምረጥ፣ ከበጎቹ መካከል ገብቶ ስለ መሞቅ ይተርካሉ። ያን ሁሉ እያወቁ የልጅ ልጃቸውን ከቀትር ፀሐይ የሚከለክሉት ዕውቀት አጥተው ሳይሆን፣ ልጁ የእርሳቸውን ዕውቀት ሳይዝ ሲወጣ ስለሚታያቸው ነው። ስለዚህ ይዘዋቸው ይሂዱ። መራመድ ቢያቅታቸው በባጃጅ ይውሰዷቸውና ነፋስ በማይደርስበት፣ ፀሐይ ባለበት በኩል ባናውን አንጥፈው ያስቀምጧቸው፤ «በቃ፣ ነፋሱ ተነሣ፣ እንሂድ» የሚሉትም እርሳቸው ይሁኑ። ሲሉም ሳይከራከሩ ይነሡ። ሰዓቱ በእርሳቸው እጅ እንደ ሆነ ሲያዩ ልጆቹን ለመልቀቅ አይቸገሩም።

ራቅ ብሎ መሄድ ሲያምራችሁ፣ መንገዱ ሰላም መሆኑን በዚያው ቀን ጠይቃችሁ፣ አንኮበር ወደ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ የምኒልክን ቤተ መንግሥት ቦታ ሴቷ ልጅዎ በትምህርቷ ታውቀዋለች። በደሴ መንገድ ከሆነ ጣርማ በር ላይ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ቁሙ፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለ ሆነ ጉሙና ነፋሱ አይጣል ነው፤ ዋሻውን አልፋችሁ ወደ ደብረ ሲና ስትወርዱ ልብስ እያወለቃችሁ ነው የምትሄዱት፤ የደብረ ሲና ቆሎ ሳይገዙ መመለስ ነውር ነው። ሸዋ ሮቢት ድረስ ከወረዳችሁ ሌላ ነገር ይመጣል፤ እዚያ ወባ ስላለ ማደር ካለ ያለ አጎበር አይታደርም፤ በሳምንት ሁለት ሳምንት ውስጥ ትኩሳት የያዘው ልጅም ቆላ ወርዶ እንደ ነበረ ለሐኪሙ ይነገር። የመንዝ ጓሳን ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ግን ትንሹ እስኪጠነክር ብታቆዩት እመርጣለሁ፤ ከ3,200 ሜትር በላይ የሚታደር ሌሊት ለጀማሪ አይሆንም።

ልጆቹን ለሎፎተን ብርድ ስለ ማለማመድ የጠየቁኝን በተመለከተ፣ ሰውነትን ብርድ ለማስለመድ መድከም አያስፈልግም። የሚለመደው ሌላ ነው፦ ልብስን በራስ መልበስና ማውለቅ፣ ካልሲ ሲረጥብ ሳይደብቁ መናገር፣ ሁለት ሰዓት ሳይነጫነጩ በእግር መሄድ። ይህን የለመደ ልጅ እዚያ ሲደርስ ከእኩዮቹ አያንስም። እኔ የበለጠ የሚያሳስበኝ ጨለማው ነው። የደብረ ብርሃን ልጅ ደመና እንጂ የፀሐይ መጥፋት አያውቅም፤ ስለዚህ የመግቢያው ቀን በእጃችሁ ከሆነ በታኅሣሥ ሳይሆን በሚያዝያና በነሐሴ መካከል ብታደርጉት፣ ልጆቹ ከተማዋን በብርሃን አይተው ጨለማውን ከጓደኞቻቸው ጋር ይገቡበታል። ቆዳችን በፀሐይ የሚያዘጋጀው ቫይታሚን ዲ በዚያ ወራት አይገኝም፤ ጥቁር ቆዳ ያለው ሰው ደግሞ በጥቂት ፀሐይ ብዙ አያዘጋጅም፤ ኖርዌያውያን ራሳቸው የኮድ ጉበት ዘይት በማንኪያ እየጠጡ ነው የሚያሳልፉት። እንደ ደረሳችሁ የጤና ጣቢያቸውን ስለ መጠኑ ጠይቁ። እኛም በልጅነታችን የዓሣ ዘይት ተብሎ አፍንጫችን ተይዞ የተጋትነው ያው ነበር።

ባሕርም አለ። የእርስዎ ልጆች የሚያውቁት ውኃ በሬሳ ነው፤ በበጋ እስከ ጉልበት የሚደርስ። የወደብ ጠርዝ ግን በረዶ ሲጋገርበት ያንሸራትታል፣ ከጠርዙ በታች ያለው ውኃ ደግሞ ጎበዝ ዋናተኛን በደቂቃዎች ውስጥ ያዝላል። ልጅ ያለ ትልቅ ሰው ወደ መትከያው አይሄድም፣ ያለ የነፍስ አድን ጃኬት ጀልባ ላይ አይወጣም፤ ይህን ሕግ ባለቤትዎ ከአሁኑ በስልክ ይንገራቸው፣ እሱ ሲናገረው ከእርስዎ ይልቅ ይሰማል። ዋና እዚያ በትምህርት ቤት ይማሩታል።

ለባለቤትዎ የሚሰጡትን መልስ በተመለከተ ደግሞ፣ «ልጆቼን ዘግተሽባቸዋል» ከሚለው ቃል ውስጥ «ልጆቼን» የምትለዋን ቀድመው ይስሟት። ሦስት ዓመት ሙሉ የሌላ ሰው ልጅ በወደቡ ዳር ሲያልፍ የሚያይ አባት ነው። ይህ ግን የልብዎን እንዳይናገሩ አያግድዎትም፤ እኔ ብሆን እንዲህ ብዬ እጽፍለት ነበር፦ «ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹን ይዤ እወጣለሁ። እናትህም አብረውን ናቸው። ካሁን በኋላ የሰው ልጅ ቪዲዮ አትላክልኝ፤ አንተ የምትሠራውን አሳየን።» ኖርዌይ በብርዱ ወራት ከእኛ ሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ስለምትቀር፣ በእኛ ከቀኑ 7 ሰዓት ሲሆን በእሱ ከረፋዱ 5 ሰዓት ነው፤ በታኅሣሥ ለእሱ ሰማያዊ ጎህ የሚታይበት፣ ለእናንተ ፀሐይ አናት ላይ የምትሆንበት ሰዓት። የሳምንቱን ስልክ ወደዚያ ያዛውሩት፣ አውድማው ላይ ሆናችሁ አንሡት። ልጁ ገለባ ውስጥ ሆኖ «አባዬ፣ ፀሐይዋን አየሃት?» ሲለው ባለቤትዎ የሚመልሰውን እኔ መገመት አልችልም፤ ስለ መዘጋት ግን የሚያነሣ አይመስለኝም።

የመጨረሻው፣ ሰው ወደ አገር ቤት ሲመጣ ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት የውስጥ የሱፍ ልብስ እንዲልክ ያድርጉ። ልኩን አንድ ቁጥር ከፍ አድርጎ ይግዛ፤ በፈላ ውኃ እንዳይታጠብም ይንገሯቸው፣ ሱፍ ይኮማተራልና። ለአማትዎም አንድ ይጨምር።